ይደረሳል፣ አይደረስም

ሟቹ ከስምንተኛው ፎቅ ደፍ በታች በገመድ ተንጠልጥሎ ነበር።

ገመዱ አልተበጠሰም። ቀበቶው አልላላም። መንጠቆው እንደተቆለፈ ነው። ሁሉም የተሠሩበትን ሠርተዋል። ያልማረው ግንቡ ነው፤ ገመዱ ሲይዘው እንደ ዥዋዥዌ ወርውሮ ከሕንፃው ማዕዘን ጋር አላተመው። አውርደው ሲያስተኙት የራስ መከላከያው እንደ እንቁላል ቅርፊት ተሰንጥቆ ነበር።

ሰኞ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ።

ኢንስፔክተሯ ስትደርስ ሊፍቱ ተይዟል። ሊፍት የምትጠብቅ ሴት አይደለችም። ስምንቱን ፎቅ በደረጃ ወጥታ አንገቷን በመስኮት አወጣች። በግራዋ የሲሚንቶው ደፍ አለ። በቀኟ ሠራተኞቹ «ቅርጫት» የሚሉት የብረት ሳጥን ከጣሪያው በሽቦ ተንጠልጥሎ ባዶውን ቆሟል። ሟቹ ከቅርጫቱ ወደ ደፉ ሊሻገር ነበር። አብሯት የመጣው ፖሊስ ክፍተቱን ለካ። አንድ ሜትር ከአሥር ሳንቲም።

«ይህን ነው በእግሩ ሊሻገር የሞከረው?» አለች።



ሟቹ ሃያ አራት ዓመቱ ነው። የረጃጅም ሕንፃዎችን መስታወት በሚያጸዳ ድርጅት ውስጥ ሰልጣኝ ሆኖ ቆይቶ፣ እውነተኛ ሕንፃ ላይ የወጣው የዚያን ዕለት ነው። ከእናቱ በቀር በስሙ የሚጠራው የለም። «ሜትር» ነው የሚሉት። ኪሱ ውስጥ ሁልጊዜ መለኪያ ሜትር አለ። ሻይ ቤት ሲገባ እንኳ በወንበሩና በጠረጴዛው መካከል ያለውን ለክቶ ነው የሚቀመጠው እያሉ ያሙታል። ሳይለካ እግሩን አያነሳም።

የዚያን ዕለት ግን ኪሱ ባዶ ነበር።

አንድ የዓይን ምስክር ነበር፤ የድርጅቱ አሰልጣኝ። ሠላሳ ዓመት ግንብ ላይ የኖሩ፣ ሁሉም «ጋሼ» የሚሏቸው ሰው ናቸው። ከታች መንገዱ ላይ ቆመው ቀና ብለው ይመለከቱ ነበር። ለኢንስፔክተሯ ሲናገሩ ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም። ቅርጫቱ ደፉ አጠገብ ነበር አሉ። ልጁ እግሩን ሲያነሳ፣ ጣሪያ ላይ ሆና ቅርጫቱን የምትነዳው ሴት ወደ ኋላ ሳበችው።

አሰልጣኙ የሟቹ አባት ናቸው።

ነጂዋና ሟቹ እሳትና ጭድ እንደነበሩ ያላወራ ሠራተኛ አልተገኘም። ዝቅተኛው የልምምድ ግንብ ላይ እያሉ በሬዲዮው «ትንሽ ጨምሪ፣ ትንሽ ቀንሺ» እያለ ነፍሷን ያወጣው ነበር። ያን ሰኞ ጠዋት ደግሞ፣ ሬዲዮ የያዘ ሁሉ እየሰማ፣ «ዛሬ ከነሜትርህ እንዳልለቅህ» ብላዋለች። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ሞተ።

በዚያው ሰዓት ወደ ጣቢያ ወሰዷት።

ኢንስፔክተሯ ከሰዓት በኋላ ስትገባ ነጂዋ ሕፃን እያጠባች አገኘቻት። የሰባት ወር ልጅ ነው። ባሏ በቀን ሦስት ጊዜ ይዞላት እንዲመጣ ተፈቅዷል፤ በር ላይ ጠባቂ ይቆማል። ክሱ ዓርብ በስድስት ሰዓት ይመሠረታል። አስቦ መግደል የሚል ከሆነ፣ ይህ ሕፃን እናቱን የሚያውቃት በፍርግርግ በኩል ነው።

«ቅርጫቱን ሳብሽው?»

«አልነካሁትም።»

«አባቱ አይተዋል።»

«እሳቸው ከታች ነበሩ። እኔ ከላይ። ማን ይሻላል?»

«ለምን ዛትሽበት?»

ነጂዋ የልጁን ራስ በእጇ ሸፈነች። «ቀልድ ነበር። እሱም ስቋል፤ በሬዲዮው ሰምቼዋለሁ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ አይደል የሚባለው?»

«ከመሻገሩ በፊት ምን አለሽ?»

«ምንም። የገረመኝ እሱ ነው። ሌላ ጊዜ ሁለት ጣት፣ አንድ ጣት፣ ቁሚ፣ አይ ተመለሺ ይላል። ሲጠራኝ ላቀርብለት ከጣሪያው ላይ አጎንብሼ እየጠበቅኩት ነበር። አልጠራኝም። የቤቱን በር እንደሚወጣ ሰው ዝም ብሎ ተራመደ።»

ኢንስፔክተሯ ወደ ሕንፃው ተመለሰች። ጣሪያው ላይ ቅርጫቱን የተሸከመው ጋሪ በሐዲድ ላይ ይሄዳል። ቅዳሜና እሑድ ሥራ አልነበረም፤ ከጎረቤት ግንባታ የመጣ ሲሚንቶ ሐዲዱን እንደ ዱቄት አልብሶታል። ጎንበስ ብላ አየች። ጎማዎቹ ያረፉበት ቦታ ድረስ አቧራው ተጨፍልቋል። ከዚያ ወዲያ፣ ወደ ደፉ በኩል፣ አንድ ጣት ያህል እንኳ አልተነካም። ቅርጫቱ ደፉ አጠገብ ደርሶ አያውቅም። ያልደረሰ ነገር ደግሞ አይሸሽም።

አለቃዋ ፎቶዎቹን አገላበጠ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ጡረታው የቀረበ ሰው ነው።

«አቧራ» አለ። «ልጁን ያጣ አባት በአንድ በኩል፣ አቧራ በሌላ በኩል። ዐቃቤ ሕጉ ሳቁን አይችለውም።»

«አባት ሲደነግጥ ያላየውን ያያል።»

«እሺ ይሁን። ታዲያ ያ ፈሪ ለምን ተራመደ? ድፍን ድርጅቱ ፈሪ ነበር ይልሻል። ወይ ቅርጫቱ ሸሽቶታል፣ ወይ ሞቱን ፈልጓል። ሦስተኛ ነገር ካለሽ እስከ ዓርብ አምጪው።»

ማክሰኞ ቀብሩ ነበር። ከቀብር መልስ ኢንስፔክተሯ ሟቹ ቤት ሄደች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚለውን ተረት እናቷ በቀን አምስት ጊዜ ይተርቱባት ነበርና፣ በዚያ ቤት እንደምንም ቀስ ብላ ተቀመጠች። ልጁ በሕይወቱ ተስፋ ቆርጦ እንደሆነ በዘወርዋራ ጠየቀች። እናቱ ነገሩን ወዲያው ገባቸው፤ አልተቆጡም። ልጃቸው በሕይወቱ እንደ ባለፈው ወር ደስ ብሎት አያውቅም አሉ። ደረጃውን ሁለት ሁለቱን ይወጣ ጀምሮ ነበር። የውኃ ቦዩን ዘሎ ይገባ ነበር። መለኪያውን መሳቢያ ውስጥ ከቶ፣ «ከእንግዲህ ዓይኔ ይበቃኛል» ብሏቸዋል።

«መቼ ነው እንዲህ የሆነው?» አለች።

«መነጽሩን ማድረግ ከጀመረ ወዲህ» አሉ እናቱ።

ረቡዕ ጠዋት ኢንስፔክተሯ የድርጅቱ አዳራሽ ነበረች። አዳራሹ ባዶ ነው፤ ወለሉ ላይ ነጭ መስመር ብቻ። ሰልጣኞች እዚያ ቆመው፣ ፊትን ሸፍኖ ሌላ ዓለም የሚያሳይ የኮምፒውተር መነጽር ያደርጋሉ። በመነጽሩ ውስጥ ሰማይ ጠቀስ ግንብ ላይ ይሆናሉ። ፊታቸው ክፍተት ይከፈታል፤ አንዴ ጠባብ፣ አንዴ ሰፊ። ሰልጣኙ አይቶ «ይደረሳል» ወይም «አይደረስም» ይላል። ከዚያ ተራምዶ ይሞክረዋል። በቁጥር አይደለም፤ እግሩ የሚደርስበትን ዓይኑ እንዲያውቅ ነው። ሥራ ላይ በሜትር የሚለካ ሰው ቀኑን ሙሉ አንድ መስኮት አያጸዳም።

ፕሮግራመሩ ቀጭን ወጣት ነው፤ ፖሊስ ሲያይ ያልበዋል። የመነጽሩን መዝገብ ስትጠይቀው አንዴ ኮምፒውተሩ ተበላሽቷል አለ፣ አንዴ ቁልፉ ጠፍቷል አለ። ኢንስፔክተሯ ወንበር ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«ምንድን ነው የምትደብቀው?»

«ምንም።»

«ሰው ሞቷል እኮ።»

«በምሳ ሰዓት ኳስ እጫወትበታለሁ። በመነጽሩ። መዝገቡ ላይ ይታያል።»

«ምን ሆነህ ነው የምትጫወተው?»

«በረኛ።»

«ስንት ገባብህ?»

«ብዙ» አለ አንገቱን ደፍቶ። ከዚያ ወዲህ ላቡ ቆመ፤ የጠየቀችውን ሁሉ መለሰላት።

መነጽሩን አደረገላት። ከፊቷ ቀይ ምሰሶ ቆሞ ነበር። አይታው፣ ዓይኗን ጨፍና እንድትሄድና ደረስኩ ያለችበት ላይ እንድትቆም ነገራት። ሄደች፣ ቆመች። ምሰሶው አምስት ሜትር ላይ ነበር፤ እሷ የቆመችው ከስድሳ ሳንቲም በላይ ሲቀራት ነው።

«ሁሉም ሰው እንደዚህ ነው» አለ። «በመነጽር ውስጥ ሩቁ ይቀርባል። ለምን እንደሆነ አዋቂዎቹም እስካሁን ይከራከራሉ።»

«በቃ፣ ተገኘ» አለች ተነስታ። «ሰፊውን ጠባብ አስመስሎ አሳይቶታል።»

«እንዲያውም ተቃራኒው ነው። በመነጽሩ ውስጥ ቅርብ መስሎት ይራመዳል፣ ይወድቃል። እዚህ ቢወድቅ ምንም አይሆንም። አሥር ጊዜ ከወደቀ በኋላ፣ ቅርብ የመሰለኝ ሩቅ ነው ማለት ይለምዳል። ያን ልምድ ይዞ ውጭ ሲወጣ ከልክ በላይ ይጠነቀቃል። መነጽሩ ውሸታም ነው፤ ግን የሚዋሸው ወደ ፍርሃት ነው። ወደ ድፍረት ዋሽቶ አያውቅም።»

ኢንስፔክተሯ መልሳ ተቀመጠች። ነገሩ ይባስ ተወሳሰበባት። በተፈጥሮው ፈሪ የሆነ ሰው፣ ፍርሃት የሚጨምር መሣሪያ ውስጥ አንድ ወር ከርሞ፣ ደፋር ሆኖ ወጣ።

«የእሱን ፋይል ክፈትልኝ።»

«ተቆልፏል። ጋሼ ናቸው ሰኞ ከሰዓት የቆለፉት። ልጃቸው ነው ብዬ ምንም አላልኩም።»

«መክፈት ትችላለህ?»

«እችላለሁ።»

«ምን ትጠብቃለህ ታዲያ?»

መነጽሩን ዳግም አድርጋ ግንቡ ጫፍ ላይ ቆመች። ከፊቷ ክፍተት ተከፈተ። ይህንኑ ክፍተት ቀደም ሲል በራሷ ስም ሞክራው ወድቃበታለች። «አይደረስም» አለች። ቢሆንም ተራመደች።

ደረሰች።

ደግሞ ተራመደች። ወለሉ እየሸሸ ከሥሯ የሚያልፍ መሰላት። መነጽሩን አውልቃ ግድግዳውን ያዘች።

«እግሬ ረዘመ» አለች።

ፕሮግራመሩ ማያው ላይ አፍጥጧል። የመነጽሩ ዓለም ከአዳራሹ ሲሰፋ የሚጠቀሙበት የእርምጃ ማባዣ የሚባል ቁጥር አለ አለ። ለስልጠና ሁልጊዜ አንድ ላይ ነው የሚቆመው፤ አንድ ሜትር የተራመደ አንድ ሜትር ይሄዳል። በዚህ ፋይል ላይ አንድ ነጥብ አራት ነው።

«ይህን ያህል ቢረዝም እንዴት አላወቀም? እኔ ወዲያው ነው ያወቅኩት።»

ወጣቱ ጣቱን ማያው ላይ አሳረፈ። ቁጥሩ በአንድ ቀን አልወጣም። ስምንት ቀን ፈጅቷል። በመጀመሪያው ቀን አንድ ነጥብ ዜሮ አምስት፣ ከዚያ አንድ ነጥብ አንድ፣ እያለ፣ እየተቆነጠረ። ስምንቱም ቀን ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ነው የተቀየረው። ፕሮግራመሩ የሚገባው ሁለት ሰዓት ተኩል ነው፤ የዘበኛው መዝገብ ይመሰክርለታል። የይለፍ ቃሉን ከእሱ ሌላ የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው።

ኢንስፔክተሯ በወረቀት ላይ አሰላች። የሟቹ ሰፊ እርምጃ ዘጠና ሳንቲም ቢሆን ነው። በመነጽሩ ውስጥ ግን ዘጠናው አንድ ሜትር ከሃያ ስድስት ይሆን ነበር። መነጽሩ ሩቁን የሚያቀርበውን ያህል ብትቀንስለትም፣ አንድ ሜትር ከአሥር ይደረሳል።

ከመውጣቷ በፊት ፕሮግራመሩ ጠራት። ፋይሉ ትናንት ከቀብር በኋላም ተከፍቷል አላት። ሁለት ሰዓት ሙሉ።

ሐሙስ በአንድ ሰዓት አዳራሹ በር ላይ ነበረች። ዘበኛው ጋሼ ገብተዋል አላት።

አሰልጣኙ መሀል ወለሉ ላይ፣ መነጽሩን አድርገው ቆመዋል። ጭንቅላታቸው አንድ ነገር እየተከተለ ከግራ ወደ ቀኝ ቀስ ብሎ ይዞራል። አሁን ሁለት እርምጃ ሄደው ቆሙ፤ መንገድ እንደሚለቅ ሰው ገለል አሉ። ኢንስፔክተሯ ማያውን ተመለከተች። ፊት የሌለው ግራጫ ሰው ከግንብ ወደ ግንብ ይሻገራል። ክንዱን በትንሹ ያወዛውዛል። መነጽሩ የሰልጣኙን እንቅስቃሴ ሁሉ ቀድቶ ያስቀምጣል።

ግራጫው ሰው እስኪጨርስ ድረስ አልተናገረችም።

«ጋሼ፣ መነጽሩን ያውልቁት።»

አወለቁት። ፊታቸው ላይ የጎማው ምልክት ቀርቷል። የቆሙበት ወለል ላይ ተቀመጡ። እሷም ተቀመጠች።

«መቼ አወቅሽ?»

«ትናንት። በእሱ ፋይል ተራመድኩ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ልጃቸው ፈተናውን ሁለት ጊዜ እንደወደቀ ነገሯት። አርባ ሳንቲም ያሳዩታል፣ «አይደረስም» ይላል። ሕፃን የሚሻገረውን። ሌሎቹ ይስቃሉ፤ እሳቸውም አንድ ቀን አብረው ስቀዋል። ያን ቀን ማታ እራት አልበላም። ሦስተኛ ከወደቀ ድርጅቱ ያሰናብተዋል።

«አንድ ቀን ብቻ ብዬ ነበር» አሉ። «ትንሽ ጨመርኩለት። ይደረሳል አለ፤ ደረሰ። ዞረና ወደ ቆምኩበት ቀጥ አለ። መነጽር አድርጎ የት ያየኛል? ግን ዞረ። አንቺ ልጅ፣ ሃያ አራት ዓመት ሙሉ እንደዚያ ዞሮብኝ አያውቅም። በማግስቱ ደግሞ ጨመርኩለት።»

«ለምን አልመለሱትም?»

«ልመልሰው ነበር። ካለፈ በኋላ ዝቅተኛው ግንብ ላይ ወስጄ፣ እግሩን ወደ ልኩ ላስለምደው ነበር። ሰው ጎደለብን፣ ሰኞ ይውጣ አሉ። አይወጣም ለማለት ለምን እንደማይወጣ መናገር ነበረብኝ።»

«አልተናገሩም።»

«አልተናገርኩም። ይጣራል ብዬ ነው። እሱ ነጂዋን ሳይጠራ የማይሻገር ልጅ ነው አልኩ። ከታች ሆኜ ክፍተቱን አየሁት፤ ከአንድ ሜትር በላይ ነው። እግሩን ሲያነሳም አየሁት። ሬዲዮው እጄ ላይ ነበር። አፌ አልከፈትልኝ አለ።»

«በኋላ ግን ተከፈተልዎ።»

አሰልጣኙ መነጽሩን ወለሉ ላይ አስቀመጡ።

«ቅርጫቱን እንዳልሳበችው ያውቃሉ።»

«እናቱ ሮጣ መጣች። ማን ገደለብኝ አለችኝ። ዓይኔን እያየች። ምን ልበላት? አፌ ላይ የመጣው ያቺ ልጅ ያለችው ነው፤ ከነሜትርህ እንዳልለቅህ። ሁሉም ሰምቷታል። የሚያምኑኝ መሰለኝ፤ አመኑኝ።»

«በጠባቂ ፊት ነው የምታጠባው፣ ጋሼ። ሦስት ቀኗ።»

«አውቃለሁ።»

«ነገ በስድስት ሰዓት ትከሰስ ነበር።»

«አውቃለሁ አልኩሽ እኮ።»

አንድ ነገር ብቻ አልገባትም ነበር። ይህን ሁሉ ሲደብቁ ዋናውን ማስረጃ ለምን አላጠፉትም? ጠየቀቻቸው። ቁጥሩን ብቻ ለይቶ ማጥፋት አይቻልም አሉ፤ ፋይሉ ሲጠፋ ከነእርምጃው ነው የሚጠፋው። ሰኞም ሞክረው ነበር፣ ማክሰኞም።

«ቤት ፎቶ ሞልቷል» አሉ። «ፎቶው ላይ ሁሉ ቆሟል። የሚራመደው እዚህ ብቻ ነው።»

ተነስተው ኮታቸውን ለበሱ። ጣቢያ ሲደርሱ ቃላቸውን ራሳቸው ጻፉ፤ ጽሕፈታቸው ቀጥ ያለ ነው። አንድ ነገር ለመኑ፤ ለእናቱ እሳቸው እንዲነግሯቸው። ኢንስፔክተሯ ሰው ላከች።

እናቱ መጥተው ገቡ፣ በሩ ተዘጋ። ኢንስፔክተሯ ውጭ ቆማ ጩኸት ጠበቀች። ምንም አልተሰማም። በሩን ልትከፍት እጇን ዘረጋች፤ መልሳ ሰበሰበችው።

በዚያው ሰዓት ነጂዋ በኮሪደሩ ሌላኛው ጫፍ ንብረቷን ቆጥራ እየፈረመች ነበር። ባሏ ሕፃኑን ታቅፎ መውጫው ላይ ይጠብቃታል። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ተነግሯታል። አልሳቀችም፣ አላለቀሰችም። «ጋሼ?» ብቻ ነው ያለችው።

በሩ ተከፈተና እናቱ ወጡ። ነጂዋን ሲያዩ ቆሙ። ቀብር ላይ፣ እሷ በሌለችበት፣ ስሟን እየጠሩ ሲረግሟት ሰው ሁሉ ሰምቷል። ነጂዋም ይህ እንደደረሳት ከፊቷ ያስታውቃል። ወደ ግድግዳው ተጠግታ መንገድ ለቀቀችላቸው።

እናቱ አላለፉም።

«ከላይ ሆነሽ አይተሽዋል አሉ» አሏት።

«አይቼዋለሁ፣ እትዬ።»

«ሲራመድ… ምን ይመስል ነበር?»

ነጂዋ ወደ ባሏ አየች፤ ወደ ኢንስፔክተሯ አየች። የሚያግዛት አልነበረም።

«አልፈራም፣ እትዬ» አለች። «ምንም አልፈራም ነበር።»

እናቱ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ለረጅም ጊዜ አዩዋት። ከዚያ እጃቸውን ግድግዳው ላይ አሳርፈው፣ እየዳሰሱ፣ ወደ መውጫው ሄዱ።